ወፍ እንኳ ይማራል

«አራግፍ!» አሉ እማማ መቀስ፣ በቀቀኑን ሌባ ጣታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጋዜጣ ከተነጠፈበት አሮጌ ትሪ በላይ እንደያዙት። «አራግፍ እንጂ ረዳቱ! ፀጉር ቤቱ ሊከፈት ነው እኮ።»

በቀቀኑ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በአንድ ዐይኑ አያቸው። ከዚያ እንደ ማሾፍ ብሎ፣ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ሲል ጮኸ።

«እሱን ማን ጠየቀህ? አፍህን ዝጋና ሌላውን ክፈት።»

ከመጋረጃው ወዲያ ምራታቸው ወንበር ስትጎትት፣ የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ ገመድ ስትሰካ ይሰማል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ቀነ ገደቡ ዛሬ ነው። እማማ መቀስ የግራ እጃቸውን ከፍተው አንዲት የሱፍ ፍሬ አሳዩት። በቀቀኑ ፍሬዋን አየ፣ ትሪውን አየ፣ እሳቸውን አየ። ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ቁጢጥ አለ፣ ጅራቱን ሰቀል አደረገ፤ ጠብ! ልክ ጋዜጣው መሐል ላይ።

«ወንድ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዲህ ነው እንጂ ወንድ!» ፍሬዋንም ሰጡት።

እማማ መቀስ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖረዋል፤ እጃቸውም ምላሳቸውም ይቆርጣል ይባልላቸው ነበር። ባላቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ከአንድ የሩቅ ጉዞ ሲመለሱ ይህን ግራጫ በቀቀን በተበሳ ካርቶን ይዘውት መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ጋቢና ውስጥ እየተሳፈረ ያልዞረበት አገር የለም። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳቱ ከመሬት ሆኖ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» እያለ ሲመራ በቀቀኑ ይሰማና ያንኑ ይደግማል፤ ስሙም በዚያው ረዳቱ ሆኖ ቀረ። ሾፌሩ ሲሞቱ መኪናው ለባለንብረቱ ተመለሰ፣ በቀቀኑ ለባለቤታቸው ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው «እማዬ፣ ብቻሽን አትሆኚም» ብሎ ሚስቱን ይዞ ገባ። ሰው ሁሉ መረቀው። እሳቸውም፣ ሞቼ በውርስ ከሚንከራተት ብለው ቤቱን በቁማቸው በስሙ አዛወሩለት። ልጅየው መታጠፊያው ላይ ጎሚስታ አለው፤ ምራታቸው ፀጉር ትሠራለች። የእማማ መቀስ የስፌት ክፍል መንገድ ዳር ስለነበር ፀጉር ቤት ሆነ፣ የስፌት መኪናቸው ጓሮ ዕቃ ቤት ገባ። ለዚህም አልከፋቸውም። ዐይናቸው ደክሟል፣ ክሩ የመርፌውን ቀዳዳ አላገኝ ብሏል፤ ወጣት ይሥራበት አሉ።

ጠቡ በወፉ መጣ። ረዳቱ ተዘግቶ አያውቅም፤ ከካስክ መስተዋት፣ ከመስተዋት መጋረጃ እየዘለለ ያሻውን ባሻው ቦታ ያደርጋል። በአንዲት ሚዜ ነጭ ቀሚስ ላይ ያደረገ ጊዜ ምራታቸው ጥርሷን ነክሳ ቻለች። በሌላ ቀን ግን ገና ቀለም በተቀባ ፀጉር መሐል ሲጥልበት ማበጠሪያዋን ወረወረች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወይ ይህ ወፍ ሥርዓት ይማር፣ ወይ የሚወስደው ሰው ይፈለግ። እኔ የሰው ራስ ነው የምሠራው።»

«ወፍ ሽንት ቤት ሲማር የት አይተሽ ታውቂያለሽ ልጄ?»

«እንግዲህ እስከ ወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ያስተምሩታ። ካልሆነ ግን አልችልም።»

እማማ መቀስ ማስተማሩን ያዙት። ልብስ ሊሰፉለት ልክ የሚወስዱ ይመስል ቀኑን ሙሉ ሲያዩት ይውላሉ። እንደነቃ ያደርጋል። በልቶ ትንሽ እንደቆየ ያደርጋል። ሊበር ሲል ያደርጋል። ከማድረጉ በፊት ደግሞ ያፈገፍግና ቁጢጥ ይላል። ይህን ሲያዩ ብድግ አድርገው ወደ ትሪው ይሮጣሉ፤ ሁልጊዜም አንዲት ቃል ብቻ ይናገራሉ። ቃሏን ያመጧት ከባላቸው የሾፌር አነጋገር ነው፦ አራግፍ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ሲስት ይጮኹበት ነበር። በቀቀኑ ደነገጠ፤ ቁም ሣጥን ጀርባ ገብቶ ተወሸቀ፣ እህል አልቀምስ አለ፣ ሊሞት ነው ብለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተቆጡትም። ሲስት ዝም ብለው ይጠርጋሉ፤ ሲያገኝ ያሞግሱታል፣ ፍሬ ይሰጡታል።

ለማንም ያልነገሩት ሌላ ነገር ነበር። ከተወሰኑ ወራት ወዲህ ሲያስነጥሳቸው፣ ዕቃ ሲያነሡ፣ ድንገት ሲነሡ ሽንታቸው ያመልጣቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ውሃ የነካቸው መስሏቸው ነበር። ሲገባቸው በራቸውን ቆልፈው ቁጭ አሉ። ከዚያ የድሮ ቀሚሳቸውን በልክ በልክ ቆርጠው፣ ደራርበው፣ ጠርዙን ቀምቅመው ጨርቅ አዘጋጁ። ሙያቸው ለዚህ ይውላል ብለው አስበው አያውቁም። ቤተሰቡ ሳይነሣ ያጥባሉ፤ ከስፌት መኪናው ጀርባ ገመድ ወጥረው ያሰጣሉ።

ረፋዱ ላይ ፀጉር ቤቱ ሞላ። አንዲት መምህርት ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ ገብታለች፤ የልጇ ሠርግ የደረሰባት አንዲት ሴት መስተዋቱ ፊት ተቀምጣለች፤ ሌሎችም ተራ ይጠብቃሉ። ምራታቸው መጋረጃውን ገለጠች።

«ቅዳሜ ደረሰ እማማ። እስቲ ተማሪዎን ያቅርቡት» አለች እየሳቀች። አዲሱን ነጭ ወንበርም ጎትታ አስቀመጠቻቸው።

እማማ መቀስ ትሪውን ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ረዳቱን በጣታቸው ያዙ። ምራታቸው ስልኳን አነሣች፣ መምህርቷ ለመስማት ራሷን ከካስኩ አወጣች።

«አራግፍ» አሉ እማማ መቀስ።

በቀቀኑ ቤቱን ቃኘ። እንደ ዳኛ ዙሪያውን ሁሉንም በተራ አየ። አፈገፈገ፣ ቁጢጥ አለ፣ አደረገው። ማንም ምንም ሳይለው ደግሞ ላባውን አራገፈና፣ «በቃ!» ብሎ ጮኸ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መምህርቷ ካስኩን በቡጢ መታችው። የሙሽራዋ እናት «ኧረ በሞትኩት! ባሌ እንኳ እንደዚህ አያነጣጥርም!» አለች። ምራታቸው ስልኳን እንደያዘች እንባዋ ወረደ። እማማ መቀስም ሳቁ። ሾፌሩ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም። ሳቁ ከሆዳቸው እየመጣ አልቆም አላቸው፤ አልቆም ያላቸው ግን ሳቁ ብቻ አልነበረም።

ሙቀቱን ሲያውቁት ጊዜው አልፎ ነበር። ብድግ አሉ። ይህ ደግሞ አባሰው። ነጩ ወንበር ላይ፣ ከወንበሩም ወደ ወለሉ፣ በጣውላው ስንጥቅ በኩል ወደ ሰዎቹ እግር ሄደ። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። የሙሽራዋ እናት ከመሬት ቦርሳዋን አነሣችና ጭኗ ላይ አቀፈችው።

«እማማ…» አለች ምራታቸው። ያየችው ግን እሳቸውን አልነበረም፤ ደንበኞቿን ነበር።

«ሻይ ነው» አሉ እማማ መቀስ። «ሻይ ተደፍቶብኝ ነው።»

በክፍሉ ውስጥ ሻይ የያዘ ሰው አልነበረም።

በቀቀኑን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ትተው ወደ ውስጥ ገቡ። መታጠቢያ ቤቱን ዘግተው ቀሚሳቸውን አወለቁ። በግድግዳው በኩል የመወልወያው ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው የበረኪና ሽታ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የምራታቸው ድምፅ፦

«ውይ! መሬት ላይ አደረግከው? አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ቆንጆ። ምንም አይደል።»

«አትቆጪው» አለች መምህርቷ፣ «ገና እየለመደ እኮ ነው።»

«ኧረ አልቆጣውም። አይዞህ እሺ? አይዞህ።»

እማማ መቀስ ርጥቡን ቀሚስ በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ቧንቧውን ዘጉ፤ አንድ ሰው መጥቶ በሩን የሚያንኳኳ ከሆነ እንዲሰሙ ነው። ማንም አላንኳኳም። ቧንቧውን መልሰው ከፈቱት።

ልጃቸው እጁ የጎማ ጥቁረት እንደያዘ መጣ፤ ሚስቱ ደውላለት ነው። ባልና ሚስት ማድ ቤት ገብተው በሩን ገፋ አደረጉት። የእማማ መቀስ መኝታ ከማድ ቤቱ ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ነው የሚለያየው።

«ደንበኛ ፊት! ወንበሩ ላይ!»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች።»

«ጠልቻቸው አይደለም እኮ፣ ታውቃለህ። ግን ለምን አይናገሩም? ዕቃ ቤት ያሰጡትን ጨርቅ ካየሁ ቆየሁ። ይነግሩኛል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን እነዚያ ሴቶች የሚመለሱ ይመስልሃል?»

«እኔስ ምን ላድርግ? ሰው እንዴት ሲመጣበት አያውቅም? ብድግ ብሎ መሄድ እኮ ነው!» አለ ልጃቸው፣ ቀስ በይ ያለው እሱ መሆኑን ረስቶ። «ወፍ እንኳ ይማራል እኮ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እማማ መቀስ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙት። ምራታቸው ብትለው ኖሮ በልባቸው ሰድበዋት ያልፉ ነበር። ልጃቸው ነው ያለው። ይህ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ኳስ ተጫውቶ፣ ሰው ሰድቦ ሲገባ እንኳ ሌሊት አልጋው ላይ ይሸና ነበር። ጓደኞቹ ሳያዩ እሳቸው ፍራሹን ተሸክመው ጓሮ ያወጡ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ውሃ ደፍቼበት» ይላሉ። ሾፌሩ ከጉዞ የገቡ ለት «ይህ ሽታ ምንድን ነው?» ሲሉ «የድመት ነው» ብለው፣ የሌለች ድመት ፍለጋ ቤቱን ሙሉ ዞረዋል። ልጁ ሳቀ፤ ያኔ ሁለቱም ሳቁ። አንድም ቀን ስሙን ጠርተው አላሳፈሩትም። አሁን ጎልማሳ ሆኖ፣ ጢም አውጥቶ፣ ከግድግዳው ወዲያ ቆሟል።

በሩ ተንኳኳና ገባ። አልተቀመጠም።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደኅና ነኝ።»

«እንግዲህ… አስበን ነበር። ዕቃ ቤቱን እናጽዳና አልጋሽን ወደዚያ ብንወስደውስ? የውጪው ሽንት ቤት ቅርብ ነው። ለአንቺው ብለን ነው።»

«ለእኔው።»

«አዎ። እንዳትጨነቂ።»

«ረዳቱስ?»

ልጃቸው የጥፍሩን ጥቁረት መፋቅ ጀመረ። «እሱ እዚያው ፀጉር ቤቱ ቢሆን ይሻላል። ሰው ወዶታል። ቪዲዮውን ለቃዋለች፣ ስንት ሰው አየው መሰለሽ!» ካለ በኋላ የእናቱ ፊት ሲለወጥ አይቶ ቸኮለ። «አንቺ የለሽበትም፣ አትስጊ። ያንን ቆርጣዋለች።»

«ጥሩ ቆራጭ ናት» አሉ እማማ መቀስ።

አልጋውን ብቻውን ተሸክሞ አወጣው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ላቡ ጠብ እስኪል ሠራ። ዕቃ ቤቱ የሻምፖ ካርቶንና አንድ የተሰበረ ካስክ ነበረበት። እነዚያን ወደ ጥግ ገፋ። በፕላስቲክ የተሸፈነውን የስፌት መኪና ወደ አልጋው ራስጌ አስጠጋ። ገመዱን ከነጨርቆቹ ሲያይ ፊቱን አዞረ። ወጥቶ ሄደና በጥቁር ፌስታል ጠቅለል ያለ ነገር ይዞ ተመለሰ፤ አልጋው ላይ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ያው… ከፋርማሲ ነው። የሚጠቅምሽ ነገር ነው።»

«ስም የለውም?»

«ኧረ እማዬ፣ ተይኝ እስቲ።»

እማማ መቀስ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ሲያስተካክሉ ቆይተው፣ «ሐኪም ቤት ብትወስደኝስ?» አሉ። ቃሉን ለማውጣት ስንት ወር ፈጅቶባቸዋል።

«እንሄዳለን። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል። ግን እርጅና ነው እማዬ፤ እርጅናን ሐኪም ምን ያደርገዋል?»

ይህን ብሎ በሩ ላይ ደረሰና ቆመ። አልሄደም። የበሩን መቀርቀሪያ ይነካካል፣ ይተወዋል፣ መልሶ ይነካካል። የእናት ሆድ መቼም ሞኝ ነው፤ እማማ መቀስ ልባቸው ዘለለ። ማድ ቤት የተናገረው ቆጭቶት ነው፣ ይቅርታ ሊለኝ ነው አሉ በልባቸው።

«ምንድን ነው ልጄ? በል ተናገረው።»

«ያ ወፍ» አለ። «ብንለው ብንለው እምቢ አለ። አሁንም መስተዋቱን አበላሸው። ምን ብለሽ ነው የምታዢው? ጠይቅልኝ ብላኝ ነው።»

ወፉን የሚታገሡት ስንት ቀን ነው፣ እኔ ካልነገርኳቸው ነገ ይመልሱልኛል የሚል ሐሳብ ለእማማ መቀስ መጣላቸው። ግን ረዳቱ ተጮኾበት ቁም ሣጥኑ ጀርባ የተወሸቀው ትዝ አላቸው።

«አራግፍ ነው የምለው» አሉ። «አባትህ ጭነት ሲያወርዱ የሚሉት።»

«አራግፍ። እሺ።»

«ቃሉ ብቻውን አይሠራም። እንደነቃና እንደበላ ጠብቁት። ሲያፈገፍግ ካያችሁት ቶሎ አንሡት።»

«እሺ።»

«ሲስት አትጩኹበት። የተጮኸበት እንደሆነ ይደብቃል። ይዞ ይቆይና ይታመማል።»

«እሺ እማዬ።»

«ዝም ብሎ መጥረግ ነው። ፊታችሁንም አታጥቁሩበት፤ ፊት ያውቃል። ያውቃል ስልህ! እሱም ሳይከፋው ቀርቶ አይደለም የሚስተው።»

«አራግፍ። ገባኝ» አለ ልጃቸው፤ ቃሉን ይዞ ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ከፀጉር ቤቱ በኩል ተሰማ። «አራግፍ! አራግፍ አልኩህ!» ሴቶቹ ይስቃሉ። ደንበኞቹ ተመልሰዋል ማለት ነው፤ ወይም ከመጀመሪያውም አልሄዱም።

እማማ መቀስ ጥቁሩን ፌስታል ፈቱት። ያለበትን ነገር አውጥተው፣ አገላብጠው፣ የስፌቱን ጥራት አይተው፣ አንዱን አደረጉት። ንጹሕ ቀሚስ ለበሱ፣ ሻርፓቸውን ተከናነቡ፣ ጫማቸውን አጠለቁ። ወደ መንገድ የሚያወጣው የጓሮ በር ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ አጠገብ ነው፤ እሳቸው ግን ግቢውን ተሻግረው፣ ቤቱን ሰንጥቀው፣ በፀጉር ቤቱ በኩል ወጡ።

ነጩ ወንበር ላይ ፎጣ ተነጥፏል። ልጃቸው በቀቀኑን በጣቱ ይዞ ትሪው ላይ ጎንበስ ብሏል። ሴቶቹ ሲያዩዋቸው ወደ መጽሔታቸው አቀረቀሩ።

«የት ሊሄዱ ነው እማማ?» አለች ምራታቸው፣ የእጅ ፀጉር ማድረቂያውን አጥፍታ።

«ሐኪም ቤት።»

«ብቻዎን?»

«እማዬ፣ እወስድሻለሁ አላልኩሽም?» አለ ልጃቸው።

«ሥራ ሲቀዘቅዝ ነው ያልከኝ» አሉ፤ ጣቱ ላይ ያለውን ወፍ እያዩ፣ «እንደማየው ሥራ ላይ ነህ።»

ማንም አልተከተላቸውም።

በመንገዱ ሁሉ እንዴት እንደሚናገሩት ሲለማመዱ ሄዱ። በጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል መስኮት ላይ አንዲት ወጣት ጸሐፊ ተቀምጣለች፤ ከኋላቸው ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው አለ። የተለማመዱት ሁሉ ጠፋባቸው።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት እማማ?»

«ሽንት ያመልጠኛል» አሉ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብለው።

ጸሐፊዋ ቀና እንኳ አላለችም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከርሟል። ወራት ሆኖታል።»

«ምነው እስካሁን? በዚህ የሚመጣ ሰው እኮ ብዙ ነው። መድኃኒት አለው፣ የሚሠሩትም እንቅስቃሴ አለ፤ ሐኪሟ ታስረዳዎታለች።»

እማማ መቀስ የመስኮቱን ደፍ ያዙ። ከወፍ በፊት እየተነሡ ያጠቡት ጨርቅ፣ የደበቁት ገመድ፣ የቆለፉት በር ሁሉ በአንዴ መጣባቸው። መድኃኒት አለው! አንድ ሰው እንኳ፣ እሳቸውን ጨምሮ፣ ብድግ ብሎ አልጠየቀም።

«አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?» አለች ጸሐፊዋ።

«የለም።»

«የቅርብ ተጠሪ ልጻፍ። ስልክ የሚደወልለት። ልጅ የለዎትም?»

የልጃቸውን ቁጥር እንደ ጸሎት በቃላቸው ያውቁታል። አፋቸውን ከፈቱ፤ የመጀመሪያዋ ቁጥር ከንፈራቸው ላይ ደርሳ ነበር። መልሰው ዋጧት።

«የለኝም» አሉ።

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ቦታውን በሰረዝ ዘግታ ካርዱን ሰጠቻቸው። እማማ መቀስም ካርዱን ተቀብለው፣ አግዳሚው ላይ ባዶ ቦታ ፈልገው ተቀመጡ፤ ተራቸውንም ይጠብቁ ጀመር።